«መጀመሪያ ሜዳውን አሳየኝ»፦ የቴስት ክሪኬት ከፋች መቺ ለመምረጥ

ፖሊ ግቢ ተማሪ ሳለን አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበሩን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ጥግ ላይ ሦስት እንጨት ይተክሉና ከአገራቸው ሰዎች ጋር ክሪኬት ይጫወታሉ። እኛ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እንስቃለን፤ «ገና ሳይደርስ የገና ጨዋታ ጀመሩ!» እየተባባልን። አንድ ቀን ኳሷ ተንከባልላ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። አነሳኋት። ቆዳ የለበሰች ድንጋይ በሏት፤ ሩር እንኳ ከእሷ ትለሰልሳለች። ይህቺን ነገር በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ሲወረውሩበት ሰው ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው? ያን ዕለት ሳቄን ትቼ ጥያቄ ጀመርኩ፤ እስካሁንም አላቆምኩም።

አሁን ሦስት ጓደኛሞች ሆነን እሁድ እሁድ ጣና ዳር አሳ እየበላን የድሮ ጨዋታዎችን በስልክ እናያለን። ክርክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከሃምሳ ምናምን ዓመት ወዲህ ከተነሡት ከፋች መቺዎች ለቡድናችን የትኞቹን ሁለቱን እንምረጥ? ስሙ ብዙ ነው፣ ቁጥሩም ይቀራረባል፤ ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ከፋች ማለት

ቴስት የሚባለው እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው የክሪኬት ዓይነት ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ዙር ይመታል። ሜዳው መሀል ፒች የሚሉት 20 ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ መደብ አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ እንጨቱን ለመምታት ይሞክራል። መቺው ባት የሚሉትን ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ይከላከላል፤ ሲመቸውም መትቶ ይሮጣል፣ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። እንጨቱ ከተመታበት፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ልጆች ሳለን እንደምንለው «ተቃጠለ»፤ ሌላው ይተካዋል። አሥር ሰው ሲቃጠል ዙሩ አበቃ። ቀሪውን ሕግ እያያችሁ ትለምዱታላችሁ።

ከፋቾች ቀድመው የሚገቡት ሁለቱ ናቸው። መከራቸው የሚመጣው ከኳሷ ነው። አዲስ ኳስ ጠንካራና አንጸባራቂ ናት፤ ስፌቷ ጉብ ብሎ የቆመ ስለሆነ አየር ላይ ትታጠፋለች፣ መሬት ስትነካም ወዴት እንደምትዞር አይታወቅም። ወርዋሪዎቹ ደግሞ ገና ትኩስ ናቸው። ፈጣን ወርዋሪ ከእጁ የለቀቃት ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይበቃታል። እየተመታች፣ ከመሬት እየተጋጨች ስትሄድ ትለሰልሳለች፤ ይሁን እንጂ ከ80 ኦቨር በኋላ ሌላ አዲስ ኳስ ማስመጣት ይቻላል፤ አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው። ስለዚህ ከፋች ለራሱ ብቻ አይመታም። ከኋላው ለሚመጡት ኳሷን አለስልሶ፣ ወርዋሪውን አድክሞ ማቆየት አለበት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። ከፋች አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ላይ ሲቀልብ ይቆይና ጀምበር ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት «በል ግባ» ሊባል ይችላል። የተቀሩት መቺዎች ያን ጊዜ ጥላ ሥር እግራቸውን ዘርግተው ሻይ እየጠጡ ያዩታል።

አማካይ ብቻውን ያታልላል

ንጽጽር በተነሣ ቁጥር ሁሉም የሚመዘው አማካዩን ነው፤ ጠቅላላው ነጥብ በተቃጠለበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል ማለት ነው። ከታች የምታገኟቸውን ብንወስድ፣ ጋቫስካር 51.12፣ ሄይደን 50.73፣ ሴህዋግ 49.34፣ ስሚዝ 48.25፣ ኩክ 45.35። በዚህ ብንሄድ ክርክሩ አቦል ሳይደርስ ባለቀ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችንን «ከሁሉም ማን ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የአገራቸውን ሰው ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ «መጀመሪያ ሜዳውን አሳየኝ» አሉኝ። ፒቹ ሣር ያለበትና እርጥብ ነው ወይስ ደርቆ የተሰነጠቀ? ሰማዩ ደምኗል? የመጀመሪያው ዙር ነው ወይስ አራተኛው፣ ፒቹ አርጅቶ የሚያሳድዱት ነጥብ የታወቀበት? የሚወረውሩትስ እነማን ናቸው? እነዚህ ሳይመለሱ ስም መጥራት የእግሩን ቁጥር ሳይጠይቁ ለሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሳቸው ጥያቄ የመጣ ነው።

ኩክና ሴህዋግ

ለምን ከሁለቱ እንደምጀምር ላስረዳ። ነሐሴ 2011 እንግሊዝ በርሚንግሃም፣ ኤጅባስተን በሚባለው ሜዳ እንግሊዝና ሕንድ ገጠሙ። የሕንዱ ቪሬንደር ሴህዋግ ትከሻውን ታክሞ የተመለሰበት ጨዋታ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የተወረወረለት የመጀመሪያ ኳስ አቃጠለው። በሁለተኛውም ዙር እንደዚያው፣ በመጀመሪያዋ ኳስ። ሁለት ኳስ፣ ዜሮ ነጥብ። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጨዋታ፣ የእንግሊዙ አላስተር ኩክ 545 ኳስ ተቋቁሞ 294 ነጥብ አገባ። እንግሊዝ ሁለተኛ ዙር መምታት እንኳ ሳያስፈልጋት አሸነፈች።

እንግዲህ ኩክ ይበልጣል ልትሉ ነው። ቆዩ። ወደ ኋላ ወደ ታኅሣሥ 2008 እንሂድ፤ ሕንድ ቼናይ ላይ። ያው እንግሊዝና ሕንድ ናቸው። ሕንድ በአራተኛው ዙር 387 ነጥብ ማሳደድ ነበረባት። አርጅቶ በተሰነጠቀ ፒች ላይ ይህን ያህል የሚያሳድድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አቻ ለመውጣት ይጸልያል። ሴህዋግ ግን ገብቶ በ68 ኳስ 83 ነጥብ አገባ። የፈራው ወርዋሪው ሆነ። በማግሥቱ ሕንድ አሸነፈች፤ በአንድ ዙር መቶ ነጥብ ሞልቶ ጨዋታውን የጨረሰው ሌላው የሕንድ መቺ ቴንዱልካር ቢሆንም በሩን የሰበረው ሴህዋግ ነው። ኩክ ያን ቀን ሜዳ ላይ ቀላቢ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል።

የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሴህዋግ በ104 ቴስት 8,586 ነጥብ አለው። ከመቶ ኳስ 82 ነጥብ ያገባ ነበር፤ ይህ ለከፋች ያልተለመደ ፍጥነት ነው። 2004 ሙልታን ላይ ፓኪስታንን 309፣ 2008 ቼናይ ላይ ደቡብ አፍሪካን 319 መታ፤ በሁለተኛው 300 የደረሰው በ278 ኳስ ነው፤ በቴስት ታሪክ ከዚያ የፈጠነ የለም። ሁለት ጊዜ ከ300 በላይ የመቱት በዓለም አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ብራድማን፣ ላራ፣ ሴህዋግና ጌይል። እግሩን ብዙ አያንቀሳቅስም፤ ቆሞ በእጁና በዓይኑ ነው የሚመታው። ፒቹ ደረቅ ሲሆንና ኳሷ ሳትታጠፍ ስትመጣ ይህ በቂ ነው። እንግሊዝ ውስጥ፣ ደመና ሥር፣ ኳሷ በመጨረሻዋ ቅጽበት ስትታጠፍ ግን እግር ያስፈልጋል፤ ኤጅባስተን ላይ የሆነውን አይታችኋል።

ኩክ ደግሞ በ161 ቴስት 12,472 ነጥብ አለው፣ 33 ጊዜ መቶ ሞልቷል። ጆ ሩት በ2024 እስኪያልፈው ድረስ ከእንግሊዝ መቺዎች ሁሉ ብዙ ነጥብ የነበረው እሱ ነው። ምቱ ሦስት ብቻ ነው ብላችሁ ብታሾፉበት ብዙም አልተሳሳታችሁም። ትልቁ ችሎታው አለመምታት ነበር፤ ከእንጨቱ ውጭ የምታልፈውን ኳስ ባቱን አንሥቶ ያሳልፋታል፣ ደግሞ ያሳልፋታል፣ ወርዋሪው ተናዶ ወደ እግሩ ሲያጠጋለት ያን ጊዜ ነጥቡን ይለቅማል። 2015 አቡ ዳቢ ላይ 263 ሲመታ 836 ደቂቃ ቆሟል። ሌሊት 11 ሰዓት ከባሕር ዳር አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሻንጣውን አውርዶ፣ እራት ቀርቦለታል።

ኩክን ከቤቱ ውጭ አይችልም የሚል ካለ ቁጥሩ አይደግፈውም። በ2010/11 አውስትራሊያ ውስጥ በአንድ ተከታታይ ውድድር 766 ነጥብ አገባ፤ በ2012 አምበል ሆኖ ሕንድ ሄደና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቴስቶች ሦስት መቶዎች ሞላ፤ እንግሊዝ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሴህዋግ በዚያ ውድድር በሌላው ወገን ነበር። የኩክ ድክመት ሲደክም የምታዩት ነው፤ ማለፍ ያለባትን ኳስ ባቱን ሳብ አድርጎ ይነካታል፣ ከኋላው የተደረደሩት ቀላቢዎች ይለቅሟታል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ክሪኬት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ በሴህዋግ ጀምሩ፤ በኩክ የጀመረ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ቡድን የምትመርጡ ከሆነ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ጋቫስካር

እሁድ ላይ ይህን ስም ስጠራ ጓደኞቼ «የድሮ ሰው» ይሉኛል። ድሮነቱን አልክድም፤ ከ1971 እስከ 1987 ነው የተጫወተው። ዘመናዊ ለሚባለው ከፋች ግን መለኪያው እሱ ነው።

ሱኒል ጋቫስካር አጭር ሰው ነው። በ21 ዓመቱ ወደ ካሪቢያን ሄዶ በመጀመሪያው ውድድሩ፣ በአራት ቴስት ብቻ፣ 774 ነጥብ አገባ፤ ሕንድም ዌስት ኢንዲስን፣ የካሪቢያን አገሮችን የጋራ ቡድን፣ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር አሸነፈች። ያን ጊዜ የራስ ቁር የሚባል ነገር ሜዳ ላይ የለም። በኋላ ሌሎች ሲያደርጉ እንኳ እሱ ትንሽ የጭንቅላት መከለያ ከቆቡ ሥር ከማድረግ አላለፈም። ያቺን እግሬ ሥር የቆመችውን ኳስ አስቡና ይህን ዓረፍተ ነገር ድገሙት።

በ125 ቴስት 10,122 ነጥብ፣ 34 መቶዎች። 10,000 በመሙላት ከዓለም የመጀመሪያው ነው፤ 1987 አሕመዳባድ ላይ። ከ34ቱ 13ቱን የሞላው በዌስት ኢንዲስ ላይ ነው፤ አድናቂዎቹ ይህን ቁጥር እንደ ማኅተም ያወጡታል። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። በ1971 አስፈሪዎቹ አራት ፈጣን ወርዋሪዎች ገና አልመጡም ነበር፤ በ1978/79 ደግሞ ዋነኞቹ ተጫዋቾች ወደ አውስትራሊያዊው ባለሀብት ኬሪ ፓከር የግል ውድድር ሄደው ነበር። ከ13ቱ የተወሰኑት ስለዚህ ቀለል ያሉ ናቸው። ግን በ1983 ዴልሂ ላይ የዌስት ኢንዲስ ፈጣኖች ማርሻልና ሆልዲንግ በሚወረውሩበት ጨዋታ 121 መትቷል፤ ያ ሲያጠቃ እንጂ ሲከላከል የመጣ አልነበረም።

ለምርጫ የሚጠቅመው ግን መቶዎቹ አይደሉም። ሁለት ዙሮችን ፈልጋችሁ እዩለት። አንደኛው 1979 ለንደን ኦቫል ላይ ነው። ሕንድ በአራተኛው ዙር 438 ማሳደድ ነበረባት፤ ጋቫስካር 221 መታ፣ ቡድኑ 429 ደርሶ አቻ ወጣ፤ ዘጠኝ ነጥብ ሲቀር ማለት ነው። ሁለተኛው የመጨረሻ ዙሩ ነው። 1987 ባንጋሎር፣ ከፓኪስታን ጋር፣ ኳሷ እንደ እባብ በምትጠማዘዝበት ፒች ላይ 96 መታ። ሕንድ በ16 ነጥብ ተሸነፈች። እንደዚያ ባለ ፒች ላይ ከዚያ በላይ የተመታ አላውቅም ቢሉኝ መምህራችንን አምናለሁ፤ ስለዚያ ዙር ሲያወሩ እጃቸው ራሱ ባት ይይዝ ነበር።

ግሬም ስሚዝ

ለዓይን አያምርም። ረጅም፣ ደንዳና፣ ባቱን እንደ አካፋ የሚይዝ ሰው ነው፤ ከቀኝ የመጣውንም ከመሀል የመጣውንም ወደ እግሩ በኩል ጎትቶ ይመታዋል። ውበት የሚፈልግ ሰው ሌላ ይምረጥ።

ደቡብ አፍሪካ በ22 ዓመቱ አምበል አደረገችው። በዚያው ዓመት፣ 2003፣ እንግሊዝ ሄዶ በተከታታይ ሁለት ቴስት 277 እና 259 መታ። በ117 ቴስት 9,265 ነጥብና 27 መቶዎች አሉት፤ ከ100 በላይ በሆኑት አምበል ነበር። አምበልነት ሲጨመርበት የከፋች ሸክም ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሲያሰማራ፣ ሲጮኽ፣ ሲጨነቅ ይውልና ዞሮ እሱው ቀድሞ ይገባል።

ስሚዝን የምወደው ግን ለአራተኛው ዙር ነው። 2008 ኤጅባስተን ላይ 281 ሲያሳድዱ ሳይቃጠል 154 መትቶ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ፤ ደቡብ አፍሪካ ከ1965 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ውድድር ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ 414 ማሳደድ ነበረባቸው፤ ስሚዝ 108 መታ፣ አሸነፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲድኒ ላይ እጁ ተሰበረ። ቡድኑ አቻ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻው መቺ ሆኖ፣ ከፋቹ ሰውዬ አሥራ አንደኛ ሆኖ፣ በተሰበረ እጁ ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ያህል ኳስ ሲቀረው ተቃጠለ። ተሸነፉ። የአውስትራሊያ ተመልካች ቆሞ አጨበጨበለት።

ድክመቱን አልደብቅም። በግራ እጅ የሚወረውሩ ፈጣኖች፣ በተለይ የሕንዱ ዛሂር ኻን፣ ደጋግመው አስቸግረውታል። ተጋጣሚያችሁ እንዲህ ያለ ወርዋሪ ካለው ሁለት ጊዜ አስቡ።

የቀሩት፣ በፍጥነት

የአውስትራሊያው ማቲው ሄይደን ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ 8,625 ነጥብ፣ 30 መቶዎች። በ2001 ሕንድ ውስጥ በሦስት ቴስት 549 ነጥብ አገባ፤ የስፒን ወርዋሪዎችን፣ ማለትም ቀስ ብለው መሬት ስትነካ የምትዞር ኳስ የሚወረውሩትን፣ ተንበርክኮ በመጥረግ ነው ያሸነፋቸው፣ ለዚያ ዓይነት ፒች ከእሱ የተሻለ የውጭ አገር ከፋች አላየሁም። 2003 ፐርዝ ላይ የመታው 380 በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ግን ተጋጣሚው የተዳከመው የዚምባብዌ ቡድን ነው፣ ከስድስት ወር በኋላም የዌስት ኢንዲሱ ላራ ሳይቃጠል 400 መትቶ ወሰደው። ኳሷ በምትታጠፍበት በ2005ቱ የእንግሊዝ ውድድር እስከ መጨረሻው ቴስት ድረስ ተቸግሯል።

ጥንድ ከተባለ የዌስት ኢንዲሶቹ ግሪኒጅና ሄይንስ አሉ፤ አብረው እየከፈቱ 6,482 ነጥብ አስመዝግበዋል፤ በጥንድ ከፋችነት ይህን ያለፈ የለም። ግሪኒጅ 1984 ለንደን፣ ሎርድስ በሚባለው ሜዳ ላይ ቡድኑ 342 ሲያሳድድ እያነከሰ ሳይቃጠል 214 መታ፤ ከቡድኑ የተቃጠለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ግሪኒጅ ሲያነክስ ተጠንቀቅ» የሚባለው ቀልድ ከዚህ ዓይነቱ የመጣ ነው። ብቻውን ግን ከላይ ካሉት አንዱን አያስለቅቅልኝም።

የአውስትራሊያውን ዴቪድ ዋርነርን የሚያነሡ አሉ። በአገሩ ሜዳ አስፈሪ ነበር፤ 2019 አደሌድ ላይ ሳይቃጠል 335 መቷል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በአሥር ዙር ያገባው ጠቅላላ ነጥብ 95 ነው፤ የእንግሊዙ ወርዋሪ ስቱዋርት ብሮድ ሰባት ጊዜ አቃጠለው። ሜዳውን ሳያዩ ለሚመርጡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ባሕር ዳር ላይ ቢሆንስ?

እሁድ ዕለት ክርክሩን የምንጨርሰው በዚህ ጨዋታ ነው፤ ቴስቱ እዚሁ ቢደረግ ማንን እንልካለን?

ጥር ላይ ከሆነ መሬቱ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል፤ ኳሷ ከመታጠፍ ይልቅ በስፒን ትዞራለች። አገራችን ደግሞ ደጋ ናት፤ ጆሃንስበርግም እንደ ባሕር ዳር ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የተመታች ኳስ ሩቅ እንደምትበር ይታወቃል። ስለዚህ ሴህዋግና ሄይደን። አንዱ ቀኝ ሌላው ግራ መሆናቸው ራሱ ጥቅም ነው፤ በአንድ ነጥብ ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር ወርዋሪው ማነጣጠሪያውን እንደገና ይፈልጋል።

ሐምሌ ላይ ከሆነ፣ ከሐይቁ የሚነሣው ደመና እንደ ጋቢ ሲወርድብን፣ ሣሩም ረጥቦ ሲያድር፣ ጋቫስካርና ኩክ። ግማሹ ቀን በዝናብ መቋረጡ እንግሊዛዊውን አይገርመውም።

ሜዳውን ሳታዩ ምረጡ ካላችሁኝ፣ መምህራችን ይቅር ይበሉኝና፣ ጋቫስካርን በቀኝ፣ ስሚዝን በግራ እልካለሁ። ጋቫስካር ለመጀመሪያው ጠዋት፣ ስሚዝ ለመጨረሻው ከሰዓት። አንዱ ጓደኛዬ በኩክ ቦታ ስሚዝን ማስገባቴን ይቅር ብሎኛል። ሌላው ግን ሴህዋግ የሌለበትን ቡድን አልቆጥርም ብሏል፤ ባለፈው እሁድ የአሳውን ሒሳብ ሳይካፈል ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።